ባዶ ፍሬሞችና አንዲት ትንሽ ካሜራ

መስከረም 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሙጫዬ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። መጋዝ እስባለሁ፤ ምስማር ሳላጎብጥ እመታለሁ፤ የቤቴን አሥራ አራት ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳይጽፍልኝ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ «ጋሼ፣ ማን ይረዳዎታል» እያልሽ ወረቀት አታባክኚ። ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚልኝ። ያለሽበት አገር ሰው ይውደድሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ክፉ ነገር በሩቁ ይለፍሽ። አሜን በይ።

ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ እዚሁ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በባለቤቴ በእቴቴ አስተማሪነት መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰው ሲሞት «ምስኪን ነበረች» ይባላል፤ ባለቤቴን ግን እንዲህ አልላትም፣ ምስኪን አልነበረችም። «ሀ»ን ባጣመምኩ ቁጥር በሜትሩ ጣቴን ትመታኝ ነበር። ነፍሷን ይማር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ካሜራ እፈልጋለሁ።

የታላቅ እህቴ ቤት ሊፈርስ ነው። መንገዱ ይሰፋል ተብሎ እስከ መጋቢት መጨረሻ ልቀቁ ብለዋታል። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰባት ልጅ የወለደችበት ቤት ነው፣ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም። «ግድግዳ ነው እንጂ ሰው አልፈረሰ» አለች። እንግዲህ መጋቢት ሃያ ቀን ዘር ማንዘሩ ተሰብስቦ ዕቃዋን ያወጣላታል። ያን ቀን ሁሉንም፣ በበሩ ፊት፣ እኔ ራሴ ማንሳት እፈልጋለሁ።

«ልጆቹ ሁሉ ስልክ አላቸው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አላቸው። ሲያነሱ ይውላሉ። አንዱን ጎረምሳ «እስቲ ያለፈውን ዓመት አሳየኝ» ብለው «ስልኩ ውኃ ውስጥ ወደቀ» አለኝ። ታዲያ ቤተሰቡም አብሮ ሰጠመ ማለት ነው? ፎቶ ማለት ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ መስታወት ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ሲቆም ነው።

እኔ አርባ ሦስት ዓመት የሰውን ፎቶ ፍሬም ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ የሞተውንም ያለውንም። እንጨቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ መስታወቱን እቴቴ ትቆርጣለች። አንድ ቤተሰብ ፍሬሙን ታቅፎ ከሱቅ በወጣ ቁጥር መቁረጫዋን አስቀምጣ «የኛስ መቼ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም «ነገ» እላታለሁ። ነገ እንዳልኳት ሄደች። ፎቶዋም የለኝም፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ምስማር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰባት ፍሬም ሠርቼ ሰቅያለሁ። ባዶ ናቸው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ አያቸውና «ቀሚስ ሰፍተው ሚስት የሚፈልጉ ሰው እርስዎን አየሁ» አለኝ። ስድስቱ አሥር በአሥራ አምስት ናቸው። ሰባተኛዋ ትንሽ ናት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የምፈልጋት ካሜራ እንዲህ ትሁን፦ በሸሚዝ ኪስ የምትገባ፤ ዋጋዋ የማያስደነግጥ፤ በደመና ቀንም የማታጨልም፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ከቅርብ አጥርታ የምታነሳ። ይህንንም አትጠይቂኝ። ገንዘቡን ወደዚያ ከምትመለሰው ነርስ ጋር ልኬልሻለሁ። በላዩ ላይ እንዳትጨምሪ። የጠየቅሁሽ ዕቃ ነው፣ ስጦታ አይደለም።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 20 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፤

ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑልኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ማን እንደሚረዳዎት አልጠየቅሁም፣ ልብ ይበሉ።

ደብዳቤዎ ሥራ ቦታ ደረሰኝ። የምሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል መሆኑን ነግሬዎታለሁ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ እንፋሎቱ ቅንድብ ላይ ጠብታ ይሠራል። አንሶላ ከመተኮሻው ሲወጣ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ትገረማለች፤ የኔ ማዕዘን ከማዕዘን ፍንክች አይልም። «የት ተማርሽ?» ስትለኝ «የአጎቴ ጠረጴዛ ሥር» እላታለሁ። ጠረጴዛዎን አልለቅም ብዬ ተጣብቄ ስውል አይደል «ሙጫ» ያሉኝ። ማዕዘን ካልገጠመ ፍሬም እንደማይባል ያኔ ነው የገባኝ።

ስለ ካሜራው ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሻጮቹ የሚያወሩት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ «ይቺ ሃያ ሚሊዮን ነጥብ አላት» አለኝ። «አጎቴ ስንት ነጥብ እንደሚፈልጉ አልነገሩኝም» አልኩት። ልጁ ሳቀና «ለግድግዳ ፎቶ ግማሹም ይተርፋል» ብሎ እውነቱን ነገረኝ፤ አለቃው ገላመጠው።

እስካሁን ያየኋቸው ሁለት ናቸው። አንዷ ቀይ ናት፣ ርካሽና ቀላል፣ ግን ጥላ ውስጥ ስትገባ ፎቶዋ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ሌላዋ ሩቅ ያለውን ሰው አጠገብ እንዳለ አድርጋ ታቀርባለች፤ ግን ወፍራም ናት፣ የሸሚዝ ኪስ አትገባም፣ ዋጋዋም ከላኩት ይበልጣል። ጋሼ፣ እባክዎ አይቆጡኝ፤ ልዩነቱን እኔ ብችለውስ? የፊደል ማስተማሪያ ዋጋ ይቁጠሩልኝ። እኔም «ሀ»ን የጻፍኩት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያቺ የጥፍር ነገር አልገባችኝም። ነፍሳት ሊያነሱ ነው? አልጠየቅሁም፣ ዝም ብዬ አሰብኩ እንጂ።

ሙጫዎ

*

ኅዳር 9 ቀን

ለሙጫዬ፤

ጤናው ይብዛልሽ፤ እንፋሎቱ አያክሳሽ። የማዕዘኑን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሜ አነበብኩት። አንሶላ ማጠፍ ቀላል ሥራ የሚመስለው ማጠፍ የማይችል ሰው ነው። ባህር ማዶ ሄዳ ስሜን በአንሶላ ያስጠራች ልጅ አለችኝ ብዬ ለፀጉር አስተካካዩም ነግሬዋለሁ።

ልዩነቱን እችላለሁ ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳትደግሚው። እኔ ሞቻለሁ? ሩቁን አጠገብ ታመጣለች ላልሽኝ ደግሞ፣ ለርሱ እግር አለኝ። ሰውዬው ሩቅ ከሆነ እቀርበዋለሁ። ወፍራሟን ተያት።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚ። ፀጉር አስተካካዩ የልጁን ልደት በራሱ ካሜራ አንስቶ አሳጠበ። ፎቶው ሲመጣ ሰው ሁሉ ግንባር የለው፤ ሚስቱ ከቅንድቧ በላይ ጠፍታለች፤ እርሱ ራሱ፣ የሰው ፀጉር እየቆረጠ የሚኖር ሰው፣ ከነፀጉሩ ተቆርጧል። «ሂሳብ አወራረደችብህ» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁበት። ካሜራዋን ሊወረውራት ደረሰ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ካሜራዋ ውስጥ ሲታይ እኮ ሁሉም ሙሉ ሰው ነው።

ክር አመጣሁና እኩል እኩል እየቋጠርኩ ለካሁ። የፎቶ ቤቱ ወረቀት ሁለት ክር ቁመት፣ ሦስት ክር ወርድ ነው። የካሜራዋ ማሳያ መስታወት ግን ሦስት ክር ቁመት፣ አራት ክር ወርድ። አየሽው? አጭርና ደልዳላውን ሰው ረጅም ካፖርት ውስጥ እንደመክተት ነው። ፎቶ ቤቱ ወረቀቱን ልሙላ ሲል ከላይና ከታች ይቆርጣል። ካሜራው አላጠፋም፤ አንሺውም አላጠፋም፤ ልኩ ነው ያልገጠመው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አንዴ ፍሬም መሥራት ይበቃል።

የኔ ስድስት ፍሬሞች ደግሞ ተቆርጠው አልቀዋል። ለእህቴ ግንባር ስል እንጨት አልቆርጥም፣ ለእንጨቱ ስልም የእህቴን ግንባር አላስቆርጥም። ስለዚህ ሄደሽ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ፎቶዋን በሁለትና በሦስት የምትከፍል ካሜራ አለች ወይ? ካልገባቸው ክሩን ልኬልሻለሁ፣ ፖስታው ውስጥ አለ፤ ቋጠሮዎቹን አሳዪያቸው።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለሙጫዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስሽ ቆየ። ታመምሽ? ካልታመምሽ ጻፊ፣ ከታመምሽም ጻፊ።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። መስታወቷ ሰፊ ይሁን፣ እጅግ ሰፊ። ቁልፎቿም በጣት ሲዳሰሱ የሚለዩ ይሁኑ። ጣቴ ወፍሯል፣ ሙጫና ቀለም አደንድኖታል፣ ለዚያ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ደግሞ ሥዕሉ ሲጠራ በድምፅ የምትናገር ዓይነት እንዳለች ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ብትናገር አልጠላም።

መጋቢት ሩቅ አይደለም።

አጎትሽ

*

ጥር 3 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ። ጤናዎ እንደ ፍሬምዎ ማዕዘን የጸና ይሁን። ሳልታመም ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እስክሪብቶዬ ስላለቀ ይህን የምጽፈው በወፍራም ማርከር ነው። ፊደሉ ለዚህ ነው እንዲህ የተለቀው፤ እንደ ድፍረት አይዩብኝ።

የዘገየሁት ጥያቄዎን የሚመልስልኝ ሰው አጥቼ ነው። አራት ሱቅ ክርዎን ይዤ ገባሁ። አንደኛው «ቁጥሩን ንገሪኝ እንጂ ክር ምን ያደርግልኛል» አለኝ። ሌላው ክሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለጓደኛው አሳየውና ተሳሳቁ። ነጥቄው ወጣሁ።

በመጨረሻ ጓደኛዬ አንድ ካሜራ ጠጋኝ ሽማግሌ እንዳለ ነገረችኝ። ሱቁ ከደረጃ ሥር ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ይወጣል። ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ አለ፣ እያንዳንዱ ላይ አንዲት ብሎን ተጣብቃበታለች፤ ከውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በውጭ ይታወቃል። ወዲያው እርስዎን አስታወሰኝ። ክሩን አውጥቼ ሰጠሁት። ቋጠሮውን በጣቱ ቆጠረና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን የላከው ማነው?»

«አጎቴ ናቸው።»

«ሥራቸው?»

«የፎቶ ፍሬም ይሠራሉ።»

«እንዲህ በይኛ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «እዚህ ሱቅ ስቀመጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ካሜራው ስንት ፎቶ እንደሚይዝ ነው። አጎትሽ የጠየቁት ፎቶው የት ላይ እንደሚያልቅ ነው። ተቀመጪ።»

ጋሼ፣ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረም፤ የራሱን ሰጠኝ። አራት ካሜራ አወጣና አንዷን መረጠልን። አሮጌ ናት፤ ሰው ተጠቅሞባታል፤ አንድ ጥጓ ተጭሯል። ሽማግሌው «ፊቷ ነው የተጫረው፣ ዓይኗ ንጹሕ ነው» አለ። መስታወቷ መዳፍዎን ያህላል። ቁልፎቿ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው፣ በጨለማም ይለያሉ። የፎቶውን ልክ መምረጥ ይቻላል፤ በሁለትና በሦስት አድርጎ ዘግቶልናል፣ እንዳይነኩት። የአበባ ሥዕል ያለባትን ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ጥፍር የሚያህለውን ነገር ከቅርብ ታነሳለች። ሥዕሉ ሲጠራ «ጢጥ» ትላለች። ተናገረች ማለት ነው።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገርም አላት። እርሱን አልነግርዎትም፤ ሰው ፊት ይዘዋት ይቁሙና ራስዎ ይዩት።

ዋጋዋ ከላኩት አንሷል። በተረፈው ፎቶ የሚቀመጥባትን ካርድና ሁለተኛ ባትሪ ገዝቻለሁ። ደረሰኙን አያይዣለሁ፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመርኩም፤ እስኪጠግቡ ይመርምሩት። ካሜራዋን ያቺው ነርስ በየካቲት ታመጣልዎታለች።

ሙጫዎ

*

የካቲት 21 ቀን

ለሙጫዬ፤

ምርቃቴ ይድረስሽ። ውለታሽን የሚመልስ ልጅ ይስጥሽ።

ደረሰች። በሸሚዜ ኪስ ገባች። ደረሰኙንም መርምሬ አምኜሻለሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ የጣቴ ነው፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው የጣሪያዬ ነው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን ጠርቼ ከነሚስቱና ከነልጁ በሬ ላይ አቆምኳቸው። ካሜራዋን ሳነሳ ምን ልበልሽ! ፊታቸው ላይ ፍሬም መጣ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ አንድ፣ ቢጫ፣ አራት ማዕዘኑ የገጠመ ፍሬም። ልጁ ሲንቀሳቀስ ፍሬሙም አብሮት ይሄዳል። እኔ አንዱን ለመሥራት ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የለ፣ እርሷ ዓይን እስኪጨፈን ሦስት ትሠራለች። «ይቺ የሙያ ባልደረባዬ ናት» አልኩ።

አሁን የሚያዋርደኝን ነገር ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። ፎቶውን አሳጥቤ ስመለከት ፍሬም የለም። ተመልሼ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ አንድ ልጅ ተቀበለኝ።

«ፍሬሞቹን የት አደረሳችኋቸው?» አልኩት።

«ምን ፍሬም፣ አባት?»

«ከነፍሬማቸው ነው ያስረከብኩህ። ሦስት ነበሩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ልጁ የሥራ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛውም ባለቤቱን ጠራ። ሦስቱ ተጋግዘው፣ ፍሬሙ ለአንሺው ብቻ የሚታይ መሆኑን፣ ሰው አግኝቻለሁ ለማለት እንጂ የሚታተም አለመሆኑን አስረዱኝ። አሳቀኝም አስቆጣኝም። «ታዲያ ሥራ አላሳጣችኝም» ብዬ ወጣሁ። ግንባር ግን አልተቆረጠም። አንድም።

አጎትሽ

*

መጋቢት 10 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን ለጓደኛዬ ሳነብላት አንሶላው ከእጃችን ወድቆ እንደገና ታጠበ። ለካሜራ ጠጋኙም ነገርኩት። ሳቁን ሲጨርስ ምን አለ መሰለዎ፦ «ይህን ሥራ ስሠራ ያን ቢጫ መስመር ፍሬም ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ሰው ነው። ስሙ ለካ እርሱ ነው።» ሰላምታውን ልኮልዎታል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ሲፈልጉ ይነግሩኛል። መጋቢት ሃያ ቀን ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ፀሐዩን ከጀርባዎ ያድርጉ።

ሙጫዎ

*

ሚያዝያ 6 ቀን

ለሙጫዬ፤

እግዜር ይስጥሽ፤ ዛሬ ምርቃቱን አላበዛም፣ የምነግርሽ ብዙ ነው።

የእህቴ ቤት ባዶ ሆነ። ያን ቀን ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሣጥንና ፍራሽ ሲያወጣ ዋለ። እርሷ በሩ ፊት ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ታዛለች። እኔን ስታይ «አንተ ልጅ» አለችኝ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነኝ፤ «ያቺ ሳሙና የምታህል ነገር እኛን ሁሉ ትችለናለች?»

«ባንድ ጊዜ ስምንት ፊት ትቀበላለች» አልኳት፤ ይህን ቀድሜ ቆጥሬ አውቄያለሁ።

«የቀረነውስ?»

«እንደ ሱቄ ነው፣ ወረፋ አለ። የቀረው ነገ ይመለስ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያቺ «ነገ» ከአፌ እንደወጣች የእቴቴን «የኛስ መቼ ነው?» ሰማሁ። «አይደለም» አልኩ። «ዛሬ። ሁላችሁም ዛሬ።» ድምፄ ለምን እንደከረረ ለማንም አልገባውም፤ ሁሉም ግን ተሰለፈ።

መጀመሪያ እርሷንና ሰባቱን ልጆቿን አቆምኩ። አሁን አንቺ ሦስት ጊዜ ጀምረሽ የተውሽውን እኔ ልናገረው። ከአምስት እርምጃ ወዲያ የሰው ፊት አይለይልኝም። ዓመት ሆነው። በእርጥብ መስታወት ውስጥ እንደማየት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእህቴም። ያን ቀን በዚያች ሰፊ መስታወት ውስጥ ያየሁት ስምንት ጭጋግ ነበር። ፍሬሞቹን ግን አየኋቸው። ቢጫ ናቸው፣ ማዕዘናቸው የገጠመ ነው፤ ፍሬም አይጠፋኝም። ቆጠርኩ፤ ሰባት ሆኑ። መሃሉ ላይ ፍሬም የሌለው አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ፊቷን አዙራ ነበር። ግድግዳ ነው ያለችውን ቤት ነበር የምታየው።

«እታለም» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ወደዚህ።»

ትንሽ ቆየች። ከዚያ ስምንተኛው ፍሬም መጣ። ጢጥ አለች። ተጫንኩት።

ታጥቦ ሲመጣ በማጉያ አየሁት። ዓይኗ እርጥብ ነው። «አላለቀስኩም፣ ፀሐዩ ነው» አለች። ፀሐዩ ከጀርባዋ በኩል አልነበረም፣ እውነት ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ስምንት ስምንት እያደረግሁ አነሳኋቸው፤ አንድም ሰው ለነገ አልቀረም። ስድስቱ ፍሬሞች ሞልተዋል። ግንባርም እንጨትም አልተቆረጠም።

ሰባተኛዋን አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም፤ ስለዚህ እነግርሻለሁ። የእቴቴ ፎቶ የለኝም ያልኩሽ ውሸት ነው። መታወቂያዋ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው የኖረው። እዚያ ላይ ያለችው የጥፍሬን ያህል ናት፣ የማህተሙ ቀለም ግማሽ ጉንጯን ይዞታል። አርባ ሦስት ዓመት ፍሬም ሠርቶ ሚስቱን በማህተም ሥር ያስቀመጠ ሰው ይህን ለማን ያሳያል? አፈርኩ። ለዚህ ነው የደበቅሁት።

ከእህቴ ቤት በተመለስኩ ማግስት መታወቂያውን መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ላይ አደረግሁት። የአበባዋን ቁልፍ ተጫንኩ። መጀመሪያ እምቢ አለችኝ። ጠጋ አልኩ። እምቢ። ትንፋሼን ያዝኩና ትንሽ ራቅ አደረግኋት። ጢጥ አለች። እቴቴ ፊት ላይ ፍሬም መጣ።

ሙጫዬ፣ ካሜራዋ ማህተሙን አላየችም። ሰው አየች። በእህቴ ደጅ በሕይወት ለቆሙት የሠራችውን ያንኑ ቢጫ ፍሬም፣ በዚያው ማዕዘን፣ ለእርሷም ሠራችላት። ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አየኋት። ባትሪው አለቀ። ሁለተኛውን ከተትኩ። በተረፈው ገንዘብ ባትሪ የገዛሽ እጅ ይባረክ።

እስክሪብቶሽ እንዳላለቀም አውቃለሁ። አክብረሽ ዋሸሽኝ። ሰው ዓይኔን ቢነግረኝ እጣላው ነበር፤ አንቺ ፊደልሽን አሳደግሽልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይማሩትም፤ ከእቴቴ ነው የወረስሽው፤ እርሷም ጣቴን የምትመታው ሰው ሳይኖር ብቻ ነበር።

ዕዳዬን ጽፌ ልጨርስ፤ ማንም እንዳይከፍልልኝ ነው የምነግርሽ። ለካሜራ ጠጋኙ አንድ ፍሬም አለብኝ፤ ከመሳቢያዎቹ መሃል የሚሰቀልበትን ቦታ ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪው። ለፀጉር አስተካካዩ ይቅርታ አለብኝ፤ ግንባሩ ሲቆረጥ የሳቅሁበትን ያህል ስለ ፎቶ ቤቱ እንዲስቅብኝ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። ለእህቴ የበሯ ሳንቃ ቤቱ ሳይፈርስ ተነቅሎ እኔ ዘንድ መጥቷል፤ የእርሷ ፎቶ ፍሬም ከዚያ ይሠራል፣ አሁን ያለው ጊዜያዊ ነው። ለዓይኔ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሰኞ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሞራ ነው ካለኝ ይግፈፈው፣ ገንዘቡ አለኝ፣ አትላኪ። ለአንቺ ያለብኝን ልክ አላውቀውም፤ እየለካሁ ነው። ለእቴቴ አንድ መስታወት አለብኝ። ሰባተኛዋ ፍሬም ውስጥ ገብታለች፣ ተሰቅላለች፣ መስታወት ግን አልገጠምኩላትም። የተቆረጠ ገዝቼ መግጠም እችል ነበር። መቁረጫዋ በመሳቢያው ውስጥ፣ ባስቀመጠችበት አለ። ዓይኔ ሲጠራ በዚያው ቆርጬ፣ እኔው እገጥምላታለሁ።

አጎትሽ